ለግማሽ ዓመት ከቤት ስለሚወጣ ተማሪ

በኔዘርላንድ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት፥ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ወላጆቹ ያልጠበቁትን ጥያቄ ይዞ የሚመጣበት ቀን አለ። «በሚመጣው መስከረም ለግማሽ ዓመት ወደ ሌላ አገር ሄጄ ልማር» ይላቸዋል። አባት ዝም ይላል፤ እናትም «ደግሞ ከዚህ ወዴት?» ትላለች። እነርሱ አንድ ጊዜ ከአገራቸው ወጥተው ብዙ ደክመዋልና፥ ልጃቸው በገዛ ፈቃዱ ሁለተኛ ስደት የሚጠይቅ መስሎ ቢታያቸው አያስደንቅም። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደ ሆነና ወላጆች አስቀድመው ምን ሊጠይቁ እንደሚገባ በዚህ ወር ጽሑፋችን በአጭሩ እንገልጻለን።

በዚያ አገር የባችለር ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ሲሆን በ180 የትምህርት ነጥብ ይለካል፤ በከፍተኛ የሙያ ትምህርት ቤት ግን አራት ዓመትና 240 ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 30 ነጥብ የሚሆነው ክፍል «ማይነር» ይባላል፤ ይኸውም ተማሪው ከዋናው ትምህርቱ ጎን ሌላ የዕውቀት መስክ እንዲቀምስ የተተወለት ነው። አንዱ ነጥብ የ28 ሰዓት ሥራ ስለ ሆነ፥ 30 ነጥብ 840 ሰዓት፥ ማለት የግማሽ ዓመት ሙሉ ድካም ነው። ተማሪው ይህን ክፍል በገዛ ትምህርት ቤቱ ሊጨርሰው፥ ወይም ስምምነት ባለው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሊማረው ይችላል።

ለዚህ የሚያገለግለው ትልቁ መንገድ ኤራስመስ የሚባለው የአውሮፓ መርሐ ግብር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በ11 አገሮች ሲጀመር፥ በመጀመሪያው ዓመት 3,244 ተማሪዎች ተሳትፈውበታል። ስሙ የሮተርዳሙን ሊቅ ኤራስመስን ያስታውሳል፤ እርሱም በፓሪስ፥ በእንግሊዝ፥ በጣልያንና በሉቨን ለትምህርት ሲዘዋወር ኖሮ በ1536 ዓ.ም. በባዝል ያረፈ ሰው ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ለሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ የሚከፍለው እንደ ወትሮው ለራሱ ትምህርት ቤት ነው። የገንዘብ ድጎማም ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ድጎማው ወጪውን ለማገዝ እንጂ ሁሉን ለመሸፈን የታሰበ አይደለም።

ዕውቀትን ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአባቶቻችን ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ቅኔን ፈልጎ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ፈልጎ ወደ ዙር አምባ፥ ቅዳሴን ፈልጎ ወደ ደብረ ዓባይ ይሄድ ነበር። እያንዳንዱ ደብር በያዘው ሙያ ይታወቅ ነበርና አንዱ ሁሉን እንዲያስተምር አይጠበቅም ነበር። ድጓን በሌላ ስፍራ የተማረም ቢሆን፥ ቤተ ልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር ሙያው ይጸናለት ነበር። የዛሬው ልጃችንም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ መሄዱ ብቻ አይበቃም፥ የተማረው እንዲቆጠርለት ማስመስከር አለበት።

ምስክሩም «የትምህርት ስምምነት» የሚባለው ጽሑፍ ነው። በእርሱ ላይ ተማሪው፥ የሚልከው ዩኒቨርሲቲና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ይፈርማሉ፤ የሚማራቸው ትምህርቶችና ነጥባቸውም አንድ በአንድ ይጻፉበታል። ወላጆች ሆይ፥ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት «ሦስቱም ፈርመዋልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ በዚያ ከደረሰ በኋላ አንድ ትምህርት ቢቀየር፥ ለውጡም እንዲሁ በጽሑፍ ይጽደቅ። ይህ ካልሆነ 840 ሰዓት ደክሞ ሲመለስ ነጥቡ ላይቆጠርለት፥ መመረቂያውም ሊዘገይ ይችላል።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምቱ መንፈቅ ትምህርት በጥቅምት ተጀምሮ እስከ የካቲት ይዘልቃል፤ የኔዘርላንድ ሁለተኛ መንፈቅ ግን ብዙውን ጊዜ በጥር መጨረሻ ገደማ ይከፈታል። ስለዚህ የፈተናው ቀን ከመመለሻው ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት የሌለው ልጅም በሌላው አገር ከ90 ቀን በላይ ለመቀመጥ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ሆነ ከብዙ ወራት በፊት ይጠይቅ። የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ በነጻ ይሰጣልና ሳይይዝ አይነሣ።

በመስከረም የሚሄድ ልጅ መስቀልን፥ ጾመ ነቢያትን፥ ልደትንና ጥምቀትን ከቤቱ ርቆ ይቀበላል። ታኅሣሥ 29 ቀን ምናልባት የፈተና ቀን ይሆንበታል። ስለዚህ በሚሄድበት ከተማ ወይም በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያናችን ትገኝ እንደ ሆነ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ፤ ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር። ምስር ወጥ መሥራትም ይማር፤ ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት ማድ ቤት ጾምን የሚጠብቅ ሰው የራሱን ምግብ ማዘጋጀት የሚችል ነውና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በብዙ ቤት የማይነገር አንድ ነገር አለ። በስደት ባለ ቤት ታላቁ ልጅ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ አስተርጓሚም ነው። ከግብር መሥሪያ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው፥ እናቱን ወደ ሐኪም የሚያደርሰው፥ የታናናሾቹን መምህር የሚያነጋግረው እርሱ ነው። እንግዲህ እናት «ብቻህን አትሄድም» ስትል፥ በልቧ ያለው «እኛ ብቻችንን እንዴት እንሆናለን?» የሚለው ሊሆን ይችላል። ይህ ፍርሃት የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ሳይነገር ቀርቶ የልጁን መንገድ ቢዘጋ፥ ልጁ እውነተኛውን ምክንያት ስላልሰማ ወላጆቹ ያላመኑት መስሎት ያዝናል። ስለዚህ በግልጽ ይነገር። ከመሄዱ በፊት ባሉት ወራት ወላጆች ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው፥ የትኛው ደብዳቤ የሚያስቸኩል የትኛው የሚቆይ እንደ ሆነ መለየት ይልመዱ፤ ከምእመናኑም አንድ የታመነ ሰው እንዲረዳቸው ይለምኑ።

በዋናው ትምህርቱ ነጥብ የጎደለበት ልጅ፥ ወይም በቤቱ በጽኑ የታመመ ሰው ያለበት እንዲቆይ መምከር ተገቢ ነው፤ ማይነሩን እዚያው መጨረስ ነውር የለውምና። የተዘጋጀውን ልጅ ግን ወረቀቱን አብራችሁ ካነበባችሁ በኋላ፥ እንደ አባቶቻችን ልማድ «ወጥተህ ግባ» ብላችሁ መርቃችሁ ስደዱት።