ውሃው እስኪረጋ

«እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ ልጅ ባሕር ሊገባ ነው ሲሉን አፋችን ላይ የሚመጣው «አይሆንም» ነው። ዘንድሮ ክረምት ሲያትል የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ የ16 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአባቱ ጋር ዲሴፕሽን ፓስ በሚባል የባሕር መተላለፊያ በካያክ ሊያልፍ መሆኑን ሰማሁ። «አይሆንም» ከማለቴ በፊት ግን ስለ ቦታው ጠየቅሁ።

ዲሴፕሽን ፓስ ከሲያትል በስተሰሜን፣ በዊድቢና በፊዳልጎ ደሴቶች መካከል ያለ ጠባብ በር ነው። በላዩ እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራ ረጅም ድልድይ አለ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ያ ሁሉ ውሃ በዚያች በር ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ካያክ የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ስለዚህ እዚያ ጉልበት አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ሰዓት ማወቅ ነው። ሙላቱ ወደ ጉድለት፣ ጉድለቱም ወደ ሙላት ሲዞር ውሃው ለጥቂት ደቂቃዎች ይረጋል። ሰዓቱ አስቀድሞ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይወጣል፤ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ግን የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም።

«ሰዓቱ ካለፈባችሁስ?» አልኩት ልጁን።

«አንገባም፣ አባባ። ወደ ዳር ወጥተን የሚቀጥለውን እንጠብቃለን።»

«ጀልባዎቹስ?»

«እኛ ዝቅ ብለን ስለምንቀመጥ ላያዩን ይችላሉ። እነሱን አሳልፈን፣ ዳር ይዘን ነው የምንሄደው።»

አባቱ ደግሞ ስለ ልብሱ ነገረኝ። ፀሐዩ ቢሞቅም ውሃው 12 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፤ እጁም ቶሎ ይደነዝዛል። ስለዚህ የሚለበሰው ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው። ላይፍ ጃኬቱም ገና ከዳር ሳይነሡ ይታሰራል።

በማግሥቱ ድልድዩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ከቦውማን ቤይ ተነሥተው በሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ሁለት የሞተር ጀልባዎች አለፉ። ልጁ ሰዓቱን አየ፤ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ውሃው ሲረጋ ከአባቱ ጎን ሆኖ አለፈ። ለመመለስም ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ወስደው የሚቀጥለውን እርጋታ ጠበቁ። በዚያ ዕድሜው መጠበቅ መቻሉ ከመቅዘፉ ይልቅ ልቤን አሳረፈው።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ልጃችሁ ወደ ውሃ ሊሄድ ሲነሣ እነዚህን ጠይቁት፦ ውሃው የሚዞረው ስንት ሰዓት ነው? ከማን ጋር ነህ? ምን ለብሰሃል? ስትመለስ ማን ያውቃል? ካልተመቸህ የት ትወጣለህ? መልስ ካለው መርቃችሁ ሸኙት። ከሌለው ያን ጊዜ «አይሆንም» በሉት፤ ምክንያቱንም ንገሩት።