ጣቢያውን ማን አፈረሰው?

አንድ ወዳጄ ስለ ባቡር ጣቢያ መፍረስ የጻፈውን የተውኔት ረቂቅ አስነበበኝ። ታሪኩ የኒውዮርኩ የፔንስልቬንያ ጣቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ተከፍቶ፣ በጥቅምት 1963 መፍረስ የጀመረው። በረቂቁ አንድ ሆዳም ባለሀብት አለ፤ አንዲት የምታለቅስ አሮጊት አለች፤ መጋረጃውም በፍርስራሽ ድምፅ ይዘጋል። አንብቤ ስጨርስ አላዘንኩም፤ ተናደድኩ እንጂ።

ለምን ቢባል፣ ይህ ዓይነቱ ተውኔት ተመልካቹን ከበደል ነጻ አውጥቶ ወደ ቤቱ ይሸኘዋልና ነው። ጥፋቱን ሁሉ ለአንድ ክፉ ሰው ካሸከምነው፣ ለእኛ ምን ቀረን?

ቀኑን በሂሳብ መዝገብ ላይ አጎንብሼ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሕንጻ በመዶሻ ከመመታቱ አስቀድሞ በመዝገብ ላይ ይፈርሳል። የዚያ ጣቢያ ታላቅ አዳራሽ የጥንታዊት ሮምን መታጠቢያ አርአያ አድርጎ የታነጸ ነበር። ነገር ግን መንገደኛው ወደ መኪናና ወደ አውሮፕላን ሲያዘነብል ኩባንያው ገቢው ነጠፈ፤ ከሐዲዱ በላይ የመገንባት መብትንም ሸጠ። በስፍራው የስፖርት አዳራሽና የቢሮ ሕንጻ ቆመ፤ ከጌጥ ሐውልቶቹም ጥቂት የማይባሉት በኒውጀርሲ ረግረግ ተጣሉ።

ወዳጄ «ያለ ባላንጣ ተውኔት የለም» ይለኛል። ባላንጣማ አለ! በነሐሴ 1962 ጥቂት አርክቴክቶች ጣቢያው እንዳይፈርስ ሰልፍ ወጥተው ነበር። እኔ ብሆን መድረክ ላይ የማወጣው ሰልፉን አይቶ፣ ሰዓቱን ተመልክቶ ያለፈውን መንገደኛ ነው። ከተማይቱ የቅርስ ጥበቃ ሕግ ያወጣችው በ1965 ነው፤ ያም ሕግ በ1978 ግራንድ ሴንትራል የተባለውን ሌላውን ጣቢያ ከጥፋት አድኗል። ጸጸት ፍሬ የሚያፈራው «እኔም ነበርኩበት» ከሚል ሰው ዘንድ ብቻ ነው።

ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሃር በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያችን ዛሬም ቆሟል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ግን በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ስንቶቻችን በስልካችን ፎቶ አንስተን አለፍን? አንዱ እኔ ነኝ።

እናም ወዳጄ ሆይ፣ ባለሀብቱን ከመድረክ አውርደው። በእርሱ ቦታ እኔን አቁመኝ።