«ውሃና በረዶ ብቻ ነው»፦ እቤት ስለሚሠራው ሐሺሽ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ እህቴንም ልጇንም አስፈቅጃለሁ። «ሌላ ቤት ከመድረሱ በፊት ጻፈው» ያለኝ ራሱ ልጁ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ አሌክሳንድሪያ። እህቴም ከእኔ አትርቅም። ባለፈው ረመዳን አንድ ቀን ዐስር ሰግዳ ለኢፍጣር አብሽ ልትመታ ፍሪጅ ከፈተች። ታችኛው መደርደሪያ ላይ በወረቀት የተሸፈነ ዝርግ ትሪ አለ። ወረቀቱን ስትገልጠው ቡናማ፣ ልክ እንደ ተፈጨ አብሽ የላመ ነገር አየች። እኔ ያመጣሁላት መሰላት። በማንኪያ ዘግና ሳህን ላይ ከጨመረች በኋላ ሽታው አላምር አላት። ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ያመጣኸው አብሽ ምን ሆኗል? ይሸታልኮ» አለች። እኔ ምንም አብሽ አላመጣሁም።

እዚያ ቤት ገና መጾም ያልጀመረች የአምስት ዓመት ልጅ አለች። አብሽ በተመታ ቁጥር ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ በሽታው አተረፈን።

የትሪው ባለቤት 22 ዓመቱ ነው። ይሠራል፣ ይማራል፣ ያን ሰሞን ተራዊሕ ከእኔ ጎን ይሰግድ ነበር። ይህን የምለው «የጠፋ ልጅ ነው» ብላችሁ እንዳትገላገሉት ነው። ስጠይቀው አልዋሸኝም። «አጎቴ፣ ኬሚካል የለውም። ውሃና በረዶ ብቻ ነው። ከመንገድ የተገዛም አይደለም፣ ራሴ ያሳደግኩት ነው። ሕጉም ይፈቅዳል» አለኝ።

እኔ ደግሞ «ሐራም ነው!» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ነገሩን ስለማላውቀው ቃሌ ክብደት አጣብኝ። ከዚያ በኋላ ሳነብና ስጠይቅ ከረምኩ። ሌላው ወላጅ እንደ እኔ ባዶ እጁን እንዳይያዝ የደረስኩበትን እነሆ።

ነገሩ ምንድን ነው?

እኛ አገር ካናቢስን ከነቅጠሉ ከነአበባው በጅምላ ሐሺሽ እንለዋለን። ቃሉ ዐረብኛ ነው፣ ደረቅ ሣር ማለት ነው። በትክክል ከተነጋገርን ግን ሐሺሽ ቅጠሉ አይደለም። የካናቢስ አበባ ላይ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ፣ ሙጫ የተሸከሙ ጥቃቅን ጸጉሮች አሉ። አእምሮን የሚነካው ቲኤችሲ የተባለው ነገር በብዛት ያለው እዚያ ሙጫ ውስጥ ነው። ሐሺሽ የሚባለው ያ ሙጫ ከአበባው ተለይቶ ሲጠራቀም ነው።

ወጣቶቹ «ባብል ሐሽ» የሚሉት በበረዶ ውሃ የሚለየውን ነው። ቅዝቃዜው ጸጉሮቹን ያደርቃቸውና ይረግፋሉ፣ ከውሃ ስለሚከብዱ ይዘቅጣሉ፣ ከዚያ በወንፊት ይለቀሙና ይደርቃሉ። እሳት ሲነካው አረፋ ስለሚያወጣ ነው ይህ ስም የወጣለት።

እንግዲህ ልጁ እውነቱን ነው፣ ኬሚካል የለውም። ግን ውሃው ምን ሠራ? ዕፁን አጥቦ አላነጻውም። ገለባውን ጥሎ የሚያሰክረውን ብቻ አስቀረ። ይህ ጽዳት ሳይሆን ማጠንከር ነው። ጠላ ከማውጣትና አረቄ ከማውጣት ጋር አስተያዩት። አረቄም ቢሆን የሚወርደው በእንፋሎት ነው፣ ኬሚካል አይገባበትም። «እንፋሎት ብቻ ነው» ብሎ አረቄን የሚያጸዳ ሰው ግን አላየንም።

ምን ያህል ይጠነክራል?

አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ይዞት በላቦራቶሪ በተመረመረ ካናቢስ ውስጥ የቲኤችሲ መጠን በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። ይህ ተራው ዕፅ ነው። በበረዶ ውሃ የሚለየው ብዙ ጊዜ ከ30 በመቶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ «እኔም በወጣትነቴ ሻሸመኔ ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አላደረገኝም» የምትሉ አባቶች፣ የሞከራችሁት ይህን አይደለም።

በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአውሮፓና በብራዚል 11 አካባቢዎችን ተመልክቷል። ጥናቱ «ጠንካራ» ያለው ከ10 በመቶ ጀምሮ ያለውን ነው። ያንን በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ጨርሶ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከእውነታ ለሚያላቅቅ የአእምሮ ሕመም ያላቸው ዕድል አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የወሰደ ሁሉ ያብዳል ማለት አይደለም። ይህን ብለን ብናጋንን ልጆቹ ያልታመሙ ጓደኞቻቸውን አይተው ይስቁብናል። አደጋው ግን አለ፣ ከጥንካሬውና ከድግግሞሹ ጋርም አብሮ ይጨምራል።

ማድረቁም የራሱ ጣጣ አለው። ከውሃ የወጣ ነገር ውስጡ ርጥበት ከቀረ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ሻጋታ ያለበትን ዕፅ ማጨስ የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎችን ሳንባ ክፉኛ እንደሚጎዳ ሐኪሞች መዝግበዋል። ከሱቅ የሚሸጠው ቢያንስ በሚመረመርባቸው ግዛቶች ይመረመራል። የምድር ቤቱን ማን ይመረምረዋል? «እቤት የተሠራ» ሲባል ንጹሕ የሚመስለን በእናቶቻችን እጅ ስለለመድን ነው።

ስለ ሕፃናትም ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ካናቢስ ያለበትን ምግብ በስህተት በልተው ለመርዝ መረጃ ማዕከላት ሪፖርት የተደረጉ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በ2017 207 ነበሩ። በ2021 3,054 ሆነዋል። አብዛኞቹ ያገኙት ቤታቸው ውስጥ ነው።

«ንጹሕ ነው» ለሚለው ዑለማዎች ምን አሉ?

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ሐሺሽ በሙስሊሙ ዓለም በሰፊው በተዛመተበት ዘመን ዑለማዎች በዚሁ ጉዳይ ተወያይተዋል። በ684 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ማሊኪው ኢማም አል-ቀራፊ ሐሺሽን ከኸምር ለይተው አይተውታል። ኸምር ሞቅታና ድፍረት ይሰጣል፣ ሐሺሽ ግን አእምሮን የሚያበላሽ ነው ብለው በሌላ ረድፍ አስቀመጡት። እንደ ኸምር ነጃሳ አላደረጉትም፣ ቅጣቱንም ለዳኛው ትተዋል። በ728 ያረፉት ኢብኑ ተይሚያ ደግሞ አስካሪ ነው፣ ነጃሳም ነው፣ ቅጣቱም የኸምር ነው ብለዋል። በ794 ያረፉት ሻፊዒዩ አዝ-ዘርከሺ ስለ ሐሺሽ ክልክልነት ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል።

ልብ በሉ! የተለያዩት በነጃሳነቱና በቅጣቱ ነው። አእምሮን የሚያናጋውን መጠን መውሰድ ክልክል መሆኑ ላይ ግን አልተለያዩም። «ንጹሕ ነው» ያሉት ዓሊም እንኳ «ስለዚህ ተጠቀሙበት» አላሉም። ንጹሕ መሆንና ሐላል መሆን ሁለት ጉዳዮች ናቸው። መርዝም ልብስ ላይ ቢፈስ ሶላት ላያበላሽ ይችላል፣ ማንም ግን አይጠጣውም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ረዲየላሁ ዐንሁ በሚንበር ላይ ኸምርን የገለጹት ከምን እንደተጠመቀ ብቻ አይደለም፣ ዐቅልን የሚሸፍን ነው ብለው ነው። ሚዛኑ ዐቅል ነው። በምን ታጠበ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሐኪም ለሕመም የሚያዘው፣ ከካናቢስ የተዘጋጀ መድኃኒት የተለየ ጉዳይ ነው። የሚያስፈልገው ሰው ሐኪሙንና የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

«ሕጉ ይፈቅዳል» ለሚለውስ?

ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው በመኖሪያው እስከ አራት ተክል እንዲያሳድግ ፈቅዳለች። ግን አራቱ ለቤቱ እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው አይደለም። በእያንዳንዱ ተክል ላይም ስምና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር መንጠልጠል አለበት፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም እንዳይደርሱበት መጠበቅ ግዴታ ነው። ከሁሉም በላይ፣ እቤት ካደገ ተክል የተጠናከረ ነገር መሥራት በዚያው ሕግ የተከለከለ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። ሳነብለት ደነገጠ።

ሌላም አለ። ልጁ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለውም። የስደተኞች ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል ሕግ ነው፣ በፌዴራል ሕግ ደግሞ ካናቢስ አሁንም ቁጥጥር ያለበት ዕፅ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት የዜግነት ማመልከቻን ሊያስከለክል እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ጎረቤቱ ነጭ ወጣት የሚያጣው ነገር የለም ይሆናል። የእኛ ልጅ ግን እናቱ አሥራ ሦስት ዓመት የለፋችበትን ወረቀት ነው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠው።

አፌን ያዘጋኝ ጥያቄ

ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «እሺ አጎቴ፣ ጫቱስ?» አለኝ።

ወላሂ መልስ አጣሁ። አገር ቤት ስሄድ እቅማለሁ። እዚህም ደረቁ ሲገኝ አልፎ አልፎ ቅሜያለሁ፣ እዚህ አገር ክልክል መሆኑን እያወቅኩ። ዑለማዎች በጫት ላይ መለያየታቸውን ልነግረው ጀመርኩ። ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጫት ለብቻው ጽፈው፣ ቁርጥ ያለ ሐራም ከማለት ቢቆጠቡም መራቁን እንደመከሩ ነገርኩት። «እና አንተ ራቅክ?» አለኝ።

ጫትና ሐሺሽ አንድ ናቸው አልልም፣ ዑለማዎችም አንድ አላደረጓቸውም። ግን ከምሳ እስከ መግሪብ ጉንጫችንን ነፍተን የምንቀመጥ ሰዎች ስለ ዐቅል ስንመክር ልጆቻችን ቃላችንን ከጉንጫችን ጋር ያስተያዩታል። እኔ በዚያች ሌሊት ኒያዬን አድሻለሁ። እሱ ትሪውን ራሱ ይዞ ወጣ፣ ተክሎቹንም ነቀለ። እኔም እስከ ዛሬ አልቃምኩም። ነገ የሚሆነውን አላህ ያውቃል፣ ዱዓ አድርጉልን።

ምን እናድርግ?

ወላጆች፣ ከመጮኻችሁ በፊት ጠይቁ። ልጁ ቢነግራችሁ አታባርሩት። ከቤት የወጣ ልጅ የሚሄደው ወደ መስጂድ ሳይሆን ወደዚያው ምድር ቤት ነው።

ኢማሞቻችንና የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ አንድ ኹጥባ በልጆቹ ቋንቋ ስጡልን። ሐራም ነው የሚለውን ሰምተውታል። ያልሰሙት ለምን እንደሆነ ነው።

ልጃችሁ ብቻውን ማውራት፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት፣ የሌለ ድምፅ መስማት ከጀመረ «ጂን ነው» ብላችሁ ወራት አትቁጠሩ። ሩቅያውንም አድርጉ፣ ሐኪም ቤትም ውሰዱት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ «ውሃና በረዶ ብቻ ነው» ስትሉ የምትነግሩን ስለ አሠራሩ ነው። እኛ የምንጠይቃችሁ ስለ ዐቅላችሁ ነው። ሶላት የሚሰገድበት፣ እናት የምትታወቅበት፣ ሐቅ ከባጢል የሚለይበት እሱ ነው። ይህን አማና ወስዳችሁ በበረዶ ውሃ ውስጥ አትዝፈቁት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ እኛንም የምንናገረውን የምንሠራ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።