ራጅ የማያሳየው ሕመም በሕግ ፊት ስንት ያወጣል?

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን የሚወርደው መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከሠሩት ጀምሮ የብዙ ሰው ሕይወት በልቷል። ስለሞቱት ይወራል፤ ስለተረፉት ግን እምብዛም። እስቲ አንድ የደባርቅ ገበሬ እናስብ። ከገበያ ሲመለስ አይሱዙ ገጭቶት ወገቡን ተጎድቷል። አጥንቱ ገጥሟል፣ ይራመዳል፣ ራጁም “ደህና ነው” ይላል። ዓመት ካለፈ በኋላ ግን እርፍ መጨበጥ አቅቶታል፤ ሌሊቱንም ሲገላበጥ ያነጋል። ይህ ሰው ምን ይካሳል?

ሕጉ ሲጀምር ቸር ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። አንቀጽ 2091 ደግሞ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ችግሩ የሚመጣው “ጉዳት” የሚለው ቃል ሲተረጎም ነው። የሕክምና ወጪና የቀረ ገቢ በገንዘብ ይሰላሉ። ሕመሙ ራሱ፣ ማለትም እንቅልፍ ማጣቱና ስቃዩ፣ የሚመደበው ከሕሊና ጉዳት ወገን ነው። ለዚህኛው አንቀጽ 2116 ጣሪያ አስቀምጦለታል፤ ከ1 ሺህ ብር አይበልጥም።

ሕጉ ሲወጣ 1 ሺህ ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። የዕድሜ ልክ ስቃይ ዋጋ ከጎንደር ደባርቅ ደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ ጋር የሚፎካከር ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ነገሩ የገባው ጠበቃ ሕመሙን “ስቃይ” ብሎ አያቀርበውም፤ “የመሥራት አቅም መቀነስ” ብሎ እንጂ። አንቀጽ 2092 ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል፤ በዚህ በኩል ጣሪያ የለም። የደመወዝ ወረቀት ለሌለው ገበሬም ቢሆን አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲገምት ሥልጣን ይሰጠዋል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠውን የአካል ጉዳት መቶኛ ነው። ለተቆረጠ ጣት ወይም ለጠፋ ዓይን መቶኛ መስጠት አያስቸግርም፤ ለወገብ ሕመም ግን ምን ይባላል? የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ከሦስት ወር በላይ የቆየን ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ነው።

በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ በጥቂቱ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሙሉ በሙሉ መሥራት ያቃተው የአምስት ዓመት ደመወዙን ያገኛል፤ በከፊል የተጎዳውም በመቶኛው ልክ። የመቶኛው ጣጣ ግን እዚያም አይቀርም።

ወደ ገበሬያችን እንመለስ። በደጋው ወገቡ የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻን ማናናቄ አይደለም፤ ግን ወጌሻ ካርድ አያወጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ከዚያ አይገኝም። ቀጥሎ ሽማግሌ ይመጣል። የመኪናው ባለቤት የሕክምና ወጪ ይሰጣል፣ ይታረቃሉ፣ ይፈራረማሉ። እርቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንቀጽ 3312 እንዲህ ያለውን ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ሕመሙ ሥር መስደዱ ሳይታወቅ በሁለተኛው ሳምንት የተፈረመች ወረቀት የቀሪውን ዘመን ካሳ ልትዘጋ ትችላለች። “ወደፊት የሚከሰተውን አይጨምርም” የሚል አንድ መስመር ማስገባት ለሽማግሌዎቹም አይከብድም ነበር።

የኢንሹራንሱም ነገር እንዲሁ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ከጣሪያው በላይ ያለውን ከመኪናው ባለቤት መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎች ግን የመድኑን ክፍያ ሲቀበሉ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ከሁሉም የሚከፋው ጊዜው ነው። አንቀጽ 2143 የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ካስቀመጠ ብቻ ይራዘማል። “ይሻለኛል” እያሉ ለሚጠብቁ ሰዎች ሁለት ዓመት ቶሎ ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭቱ በክልሉ ከተባባሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ጎንደር ደርሶ መታከሙ ራሱ ፈተና ነው። የዳኝነት ክፍያ የሌለው በደኃ ደንብ እንዲከስ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅድለታል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ሁለቱም የሚጠቅሙት ግን ካርዱን በእጁ ይዞ፣ ቀኑ ሳያልፍ ለደረሰ ሰው ነው።