ሰሌዳው ይንሳፈፋል፣ አንተስ?

ወዳጄ በአየር የሚነፋ፣ ቆመው የሚቀዝፉት ሰሌዳ ከውጭ አስመጣ። ታጥፎ በጀርባ ይታዘላል። ግን ፒያሳ ውስጥ የት ይንሳፈፍ? ቀበና ወንዝ ላይ? 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ላንጋኖ ወረድን። በእጅ ፓምፕ እስከ 15 ፒኤስአይ ሲነፋው ላብ አጠመቀው። ውሃው ዳር ስንደርስ ጠየቅኩት፦

«ዋና ትችላለህ?»

«ኧረ ተው፣ ሰሌዳው አይሰጥምም!»

ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን አያስቅም። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ውሃውን ከልጅነቱ ያውቀዋል። እኛ የአራዳ ልጆች ግን ከችሎታው ዕቃውን እናስቀድማለን። ነፋስ ሰሌዳውን ገፍቶ ከወሰደብህ በምን ትመለሳለህ?

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ የሕይወት አድን ጃኬትና ሰሌዳውን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያስር ገመድ፣ መጨረሻ ሰሌዳው።

ወዳጄ ያን ቀን ሰሌዳውን አስተንፍሶ ተመለሰ። አሁን ዋና እየተማረ ነው። አራዳ ማለት እንዲህ ነው።