ኮምፒዩተሩ ውሻውን ያውቀዋልን?

የቤት እንስሳት በእንቅስቃሴያቸው ኮምፒዩተርን ስለሚያዙበት ቴክኖሎጂ በክፍል ውስጥ ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ይስቃሉ። «ሰው የሚበላው ሳያገኝ ለድመት ጨዋታ?» የሚል ጥያቄም ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የመሣሪያውን አሠራር ከማወቅ ይጀምራል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ያቀረበው ኪኔክት ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን እጅግ ብዙ ነጥቦችን በክፍሉ ላይ ይረጭ ነበር። ካሜራው ነጥቦቹ ከተጠበቁበት ስፍራ ምን ያህል እንደተንሸራተቱ አይቶ የእያንዳንዱን ነገር ርቀት ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ተከታዩ ደግሞ ብርሃኑ ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበትን ጊዜ መሠረት አደረገ፤ 1 ሜትር ርቆ ለቆመ ነገር ይህ ጊዜ 7 ናኖ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ሆኖም ርቀትን መለካትና አካልን ማወቅ ይለያያሉ። የኪኔክት ፕሮግራም የሠለጠነው በሰው አካል ምስሎች ነበርና ውሻ ከፊቱ ቢቆም ርቀቱን ይለካል እንጂ እግሩን ከጅራቱ ለመለየት አልተዘጋጀም። ይህን ክፍተት ከሞሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ዲፕላብከት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ተመራማሪው በ200 ገደማ ምስሎች ላይ የእንስሳውን መገጣጠሚያዎች ቢያመለክትለት፣ በቀረው ቪዲዮ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ይከታተላቸዋል፤ በእንስሳው ገላ ላይም የሚለጠፍ ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ከፊዚክስ ያልፋል። ውሻ ቀለም የሚለዩ የዓይን ሕዋሳቱ ሁለት ዓይነት ብቻ ስለሆኑ ቀይንና አረንጓዴን እንደ እኛ አይለይም። እንግዲህ በአረንጓዴ መስክ ላይ ቀይ ኳስ የሚያንከባልል ጨዋታ የተሠራው ለባለቤቱ ነው። በግድግዳ ላይ የምትሮጥ የብርሃን ነጥብ የምታሳድድ ድመትም መቼም የምትጨብጠው ነገር የላትም፤ እኛ የምንስቅበት ለእርሷ ፍጻሜ የሌለው አደን ነው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ክላራ ማንቺኒ እ.ኤ.አ. በ2011 የእንስሳትና የኮምፒዩተር ግንኙነት ራሱን የቻለ የጥናት መስክ እንዲሆን ሲጠይቁ፣ የእንስሳው ፍላጎት ማዕከል እንዲሆን ያሳሰቡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ሥራ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ሊመዘን ይገባል፤ እንስሳው ሲሰለቸው ትቶት መሄድ ይችላልን?

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ ልመለስ። የድመትን መዳፍ የሚከታተለው ስሌት የሚያነክስ በሬን እርምጃም ይከታተላል። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ያስተማሩትን አካል ብቻ ነው፤ የእኛን በሬና የእኛን አህያ እኛ ካላስተማርነው ማን ያስተምረዋል? መሳቃችሁን አልከለክልም። ከሳቃችሁ በኋላ ግን ስልካችሁን አውጡና በደጃችሁ የሚያልፈውን የአንድ አህያ እርምጃ ቅረጹ፤ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።