«ቅኔ ቆጠረ» የሚባለው ለምን ይመስላችኋል?

በአንድ የንባብ ምሽት ላይ ስለ መልክአ ማርያም አሠራር ጥቂት እንድናገር ተጋብዤ ነበር። አርኬው ስንት ስንኝ እንዳለው፣ ቤቱ እንዴት እንደሚመታ እያሳየሁ ሳለ አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጸሎት ነው! ጸሎት ይጸለያል እንጂ እንደ ጨርቅ በክንድ አይለካም» አሉ። ታዳሚው አጨበጨበ። እኔም አክብሬያቸው ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ልናገር።

ጋሼ ይቅር ይበሉኝና፣ ልኬቱን ያመጣነው እኛ አይደለንም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ «ይቆጥራል» ነው የሚባለው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት፤ መወድስ ስምንት። «ለእግዜር የተነገረ ነው» ብሎ ቤት ያጎደለ ተማሪ ቢመጣ መምህሩ ያቃኑታል እንጂ «አሜን» ብለው አያሳልፉትም። ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማየትም እዚያው የተለመደ ሥራ ነው። ታዲያ እነዚያ ሊቃውንት እምነት ጎድሏቸው ነበር?

እስቲ ወደ መልክአ ማርያም እንመለስ። ከስም አጠራሯ ይነሣል፤ ከራስ ጠጉር ወደ ፊት፣ ወደ ዓይን እያለ እስከ ተረከዝ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ነፍስ መውጣት፣ ወደ ግንዘትና ወደ መቃብር ያልፋል። ለእያንዳንዱ አንድ አርኬ፣ ለእያንዳንዱ አርኬ አምስት ስንኝ፣ አምስቱም ስንኝ በአንድ ቤት። አሁን ልብ በሉ፦ ተረከዝ ከዓይን እኩል አምስት ስንኝ ደርሶታል! አምላክ ከእርሷ ሥጋ ነሣ ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚያ ሥጋ የሚናቅ አካል የለም። ይህን ደራሲው በስብከት አልነገረንም፤ በልኩ ነው ያሳየን። ስንኙን ያልቆጠረ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ጋሼን ያስቀየማቸው የትምህርት ቤቱ ቆጠራ ከሆነ ግን ከጎናቸው ነኝ። «ተለዋጭ ዘይቤውን አስምርበት፣ ሰውኛውን አውጣ» ይባላል፤ ልጁ አስምሮ፣ አውጥቶ፣ ማርኩን ይዞ ይሄዳል። ዘይቤው እዚያ ምን ሊሠራ እንደገባ የሚጠይቀው የለም። ይኼማ በግ አርዶ ቆዳውን ብቻ ይዞ እንደመሄድ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «መዝሙር ነው» በሚል ከለላ ቤት የማይመታ፣ ትናንት የሰማነውን ቃል ከነአገባቡ የሚደግም ግጥም ይቀርብልናል። ደከም ብሏል ያለ ሰው በእምነት የመጣ ተደርጎ ይታያል። ምን አለፋችሁ፣ ስንፍና ነጠላ አጣፍቶ ገብቷል።

በኦሪት ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳ ነውር የሌለበት መሆን ነበረበት። ዕውሩ፣ አንካሳው አይቀርብም። ካህኑ በጉን ከነአራት እግሩ አገላብጦ ቢያይ መሥዋዕቱን አቃለለ ልንለው ነው? ያቃለለውስ «ለእግዜር ነው፣ ምን አለበት» ብሎ አንካሳውን እየጎተተ ያመጣው ነው።